ልጁ ነው ያነበበው ወይስ ሥዕሉ? ስለ ሥዕልና ንባብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ማንበብ የከበዳቸውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አስነብባለሁ። ልጃቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች በር ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ አብዛኛው የሚዞረው በመጽሐፉ ሥዕል ዙሪያ ነው። ሐረር ያሉ የማውቃቸው መምህራንም ሲደውሉ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። አንድ መልስ አርባ ጊዜ ከመናገር አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል ብዬ እነሆ ጻፍኩት። ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበዛ አውቃለሁ። ጽሑፍ ነውና ግን «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አቦ አትታዘቡኝ።

ልጄ መጽሐፉን ገልጦ ታሪኩን ቁልጭ አድርጎ ይነግረኛል። መምህሩ ደግሞ «ማንበብ አይችልም» ይላሉ። የማንን ልመን?

መምህሩ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። ገጹ ላይ ሐብሐብ የታቀፈ ልጅ ተስሏል፤ ከሥሩ «አበበ ወደ ገበያ ሄደ» ይላል። ልጁ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልጁ ሐብሐብ ገዛ» አለኝ። ጣቱ «ሄደ» ላይ ሲደርስ አፉም «ገዛ» ላይ ደረሰ። ራቅ ብሎ ለሚያየው እንከን የለውም። ገጹ ላይ ያሉት ግን አራት ቃላት ናቸው፤ እሱ የተናገረው ሦስት። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንኩና «እስቲ ድገምልኝ» አልኩት። መጀመሪያ ያየው እጄን ነው። ቀጥሎ ፊቴን። ከዚያ «አ… በ…» ብሎ ቆመ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ያልገባውን ነገር በሚያውቀው ነገር ሞልቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ኖሯል፤ ይህ ብልጠት ይጠይቃል። መዘዙ የሚመጣው ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ነው፤ ሥዕሉ እየሳሳ ጽሑፉ እየበዛ ሲሄድ። ያኔ ወላጅ «ልጄ ጎበዝ ነበር፣ ምን ነካብኝ?» ይላል። ምንም አልነካውም። ድሮም የሚያነበው ሥዕሉን ነበር።

ሥዕል ባይኖርም የሚሸመድዱ አሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ የተነበበላቸውን ገጽ በቃላቸው ይዘው ይወጡታል። ለመለየት አንድ ዘዴ አለ፦ ዐረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው ያስነብቡት። የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል።

ታዲያ ሥዕል ይጎዳል ማለት ነው?

ልጁ በዚያች ሰዓት ምን እየተማረ እንደሆነ ይወስነዋል። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ንባብን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርገው አስቀመጡት፦ አንዱ ፊደልን ወደ ቃል መለወጥ፣ ሌላው የተነገረን ነገር መረዳት። ብዜት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ሥዕል ሁለተኛውን ያግዛል። የመጀመሪያውን ግን ይሻማል።

ሽሚያውን ጄይ ሳሙኤልስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ሙከራ አሳይቷል። ልጆች አዳዲስ ቃላትን እንዲለዩ ሲማሩ፣ ቃሉን ብቻውን እያዩ የተማሩት ከሥዕል ጋር እያዩ ከተማሩት በፈተናው በልጠው ተገኙ። በክፍል ውስጥ ሲሞከር ደግሞ ልዩነቱ የታየው ደካማ አንባቢዎቹ ላይ ነው፤ ጎበዞቹ ላይ ሥዕሉ ኖረም አልኖረም ለውጥ አላመጣም። ነገሩ አይገርምም። ፊደሉ ለሚከብደው ልጅ ሥዕሉ አቋራጭ መንገድ ነው፤ አቋራጭ እያለ ዳገቱን የሚመርጥ ልጅ አላየሁም።

በሌላ በኩል ሌቪና ሌንትዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሲገመግሙ፣ ጽሑፉ የሚናገረውን ነገር በትክክል የሚያሳይ ሥዕል ልጆች ያነበቡትን እንዲረዱና እንዲያስታውሱ እንደሚያግዝ አገኙ። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። አንዱ ስለ ፊደል ነው የሚያወራው፣ ሌላው ስለ ትርጉም። «ሥዕሉን ከመጽሐፍ አውጡት» የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ አልስማማም። ሥዕል የሌለው መጽሐፍ የተሰጠው ደካማ አንባቢ መጽሐፉን ይከድነዋል፤ የተከደነ መጽሐፍ ደግሞ ማንንም አያስተምርም።

ሥዕሉን ልሸፍንበት? እንዴት?

አዎ፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ፣ ያውም እንደ ቅጣት እንዳይቆጥረው ተጠንቅቀው። የብስኩት ካርቶን በገጹ ልክ ይቁረጡና ለልጁ ይስጡት፤ የሚሸፍነውም የሚገልጠውም ራሱ ይሁን።

መጀመሪያ ሥዕሉን አብራችሁ እዩት። «ይህ ምንድን ነው? ይህችስ ምን ይዛለች?» እየተባባላችሁ ቃላቱ በአፉ ይለፉ። ብዙ ልጆች ፊደሉን ቆጥረው ጨርሰውም ቃሉን አያውቁትም፤ ምክንያቱም ሰምተውት አያውቁም። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ካርቶኑ ይምጣና ልጁ ፊደሎቹን ይጋፈጥ። ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ሥዕሉን ይግለጥና ያመሳክር፦ ያነበብከው ሥዕሉ ላይ አለ? ሥዕሉ ላይ የሌለ ምን አነበብክ? የሐብሐቡን ልጅ ያስታውሱ። «አበበ» የሚለውን ስም ከየትኛውም ሥዕል ማግኘት አይቻልም። ይህን ራሱ ሲደርስበት ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ደስ ይላል።

አንድ ነገር አደራ። ቃል ሲያቅተው «ሥዕሉን እየው» አይበሉት። ቤት ውስጥም ክፍል ውስጥም በደግነት የሚነገር ቃል ነው፤ ልጁ የሚሰማው ግን «ፊደሉን ተወው» ተብሎ ነው። «መጀመሪያ ያለው ማን ነው? ከሱ አጠገብስ?» ይበሉት። ካልሆነም ቃሉን ነግረውት ይለፉ፤ አንድ ቃል ላይ አምስት ደቂቃ ማላብ ለሁለታችሁም አይበጅም፣ በተለይ በግንቦት የድሬ ሙቀት። ሳይደነቃቀፍ ማንበብ ከጀመረ ካርቶኑን ይጣሉት፤ ሥራውን ጨርሷል።

ገና ትምህርት ቤት ላልገባች ልጄ ሳነብላትም ልሸፍን?

የለም። ለሷ ሥዕሉ ዋናው ነገር ነው። ኢቫንስና ሴንት ኦበን እ.ኤ.አ. በ2005 የልጆችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው እንዳሳዩት፣ ወላጅ ሲያነብላቸው ትንንሽ ልጆች የሚያዩት ሥዕሉን ነው፤ ጽሑፉ ላይ ዓይናቸው ብዙም አያርፍም። ስለዚህ «በየማታው አነብላታለሁ፣ ለምን ፊደል አትለይም?» ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም። አልፎ አልፎ ጣትዎን ከቃሉ ሥር ያስኪዱ፤ እሱ ይበቃል።

መጽሐፍ ስገዛ ምን ዓይነት ሥዕል ያለውን ልምረጥ?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገጹ በቀለም የተጥለቀለቀውን፣ ጥግ ላይ ቢራቢሮ፣ ሰማዩ ላይ ወፍ፣ አጥሩ ላይ ድመት ያለበትን መጽሐፍ «ልጆች ይወዱታል» ብለን እንገዛለን። ይወዱታልም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤንግ፣ ጎድዊንና ፊሸር 60 የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሁለት ዓይነት ገጽ አስነበቡ፤ አንደኛው መጽሐፉ እንደታተመው፣ ሁለተኛው ከታሪኩ ጋር የማይገናኙ ዝርዝሮች ከሥዕሉ የወጡለት። በሁለተኛው ላይ የልጆቹ ዓይን ከጽሑፉ የሚወጣበት ጊዜ ቀነሰ፤ ታሪኩንም የተሻለ ተረዱት። ሥዕሉ አልጠፋም፣ ትርፍራፊው ብቻ ነው የወጣው።

እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን ከቢራቢሮው በፊት የማየው ጽሑፉ የት እንደተቀመጠ ነው። በሥዕሉ ላይ የታተመ ፊደል ለአማርኛ አንባቢ ትልቅ ጣጣ ነው። ቡ እና ቢን ይመልከቷቸው። ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ አንዱ ወገቡ ላይ ይይዛታል፣ ሌላው እግሩ ሥር። ከበስተጀርባው ሣር ወይም የፀሐይ ጨረር ከተሳለ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ጎበዝ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፋታል። የሚታገለው ልጅ ግን ቡ ይሁን ቢ ሲፈልግ የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይረሳል። አንድ መጽሐፍ ላይ ነጭ ፊደል በቢጫ አሸዋ ላይ ታትሞ አይቻለሁ፤ እኔም መነጽሬን ነው የፈለግኩት።

ስለዚህ ሥዕሉ ለብቻው፣ ጽሑፉ ነጭ መደብ ላይ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ መስመሮቹ የተራራቁ። ይህን ያሟላ መጽሐፍ ካገኙ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ቢሆንም ይግዙት።

ሥዕል የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ የለም?

አለ፤ አማርኛ ላይ ደግሞ ከሌላው ቋንቋ በተለየ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሰፊ» የሚለውን ይውሰዱ። ካጠበቁት ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው፤ ካላሉት ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ጽሕፈቱ አንድ ነው። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ። «ገና»ም እንዲሁ፤ አንዱ በዓል ነው፣ ሌላው «ይቆይ» ማለት።

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ «እሱ ሰፊ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያገኝ፣ ከላይ ደግሞ በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ሰው ቢኖር፣ ወዲያው አላልቶ ያነበዋል። ሥዕሉ ከሌለ ትልልቆቻችንም እንገምታለን። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ልጁ ሰ እና ፊን ራሱ አንብቧል፤ ሥዕሉን የጠየቀው ፊደሉ የማይነግረውን ነው። የሐብሐቡ ልጅ ግን ፊደሉን ሳያይ ነበር ሥዕሉን የጠየቀው። ሙሉው ልዩነት እሱ ነው፦ ማን ቀደመ?

ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው (ሶማሊኛ ነው፣ ሐረሪኛ ነው)፤ ልጄ በአማርኛ ነው የሚማረው። ሥዕል ይረዳዋል?

በጣም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሥዕል አስተርጓሚ ነው። ግን አስተርጓሚው በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር አይታወቅም። የቤት ሥዕል ካሳየኋቸው ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ «ቤት» የሚል፣ «ማና» የሚል፣ «ጉሪ» የሚል ይወጣል፤ ሐረሪው ደግሞ «ጋር» ይላል። አራቱም ልክ ናቸው። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ቤት» ነው። ስለዚህ «ማና» ብሎ ያነበበውን ልጅ «ተሳሳትክ» አልለውም። «ነገሩን አውቀኸዋል፤ እዚህ የተጻፈው ግን ቤ እና ት ያለበት ነው፣ እየው» እለዋለሁ።

ሌላው ችግር ሥዕሉ ራሱ እንግዳ ሲሆን ነው። ጣሪያው የሾለ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ ፊት ለፊቱ የበረዶ ሰው። የድሬ ልጅ መጀመሪያ ሥዕሉን መፍታት፣ ቀጥሎ ፊደሉን መፍታት አለበት፤ ሸክሙ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ባጃጅ፣ ግመል የሚነዳ ሰው፣ ነደባ (ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ መደብ) እና በግድግዳው ላይ የተደረደረ ስፌት ያለው የሐረሪ ቤት ቢሆን በአንድ እይታ አልፎ ወደ ፊደሉ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብዙ አይገኝም። ልጁ ራሱ እንዲስል ያድርጉትና ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር አብራችሁ ጻፉ፤ ከሥዕሉ ይልቅ ጽሑፉን ደጋግሞ ሲያነብ ያዩታል፣ ሥዕሉንማ የሠራው እሱ ነው።

ባለሥዕሉን የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ልስቀልለት?

ይስቀሉ፤ ግን መጀመሪያ ራስዎ ያንብቡት። ከለ አጠገብ ላም የተሳለበት ገበታ ስንት ቤት እንዳለ! ላም የሚጀምረው በላ ነው። ልጁ ለን እያየ «ላ» ቢል የማን ጥፋት ነው? «ለውዝ» ይሻል ነበር እንዳይሉ ደግሞ የባቢሌ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ያደገ ልጅ ሥዕሉን አይቶ «ኦ» ብሎ ይጀምራል። በ ከበግ ጋር ሲሆን ሰላም ነው።

አባቶቻችን ሥዕል በሌለው ገበታ ነው የተማሩት፤ የቄስ ትምህርት ቤቱም፣ ሐረር ውስጥ የእንጨት ሉሕ የያዘው የቁርኣን ቤትም። በዜማ የሸመደደውን ልጅ ለመያዝ የቄስ ትምህርት ቤቱ አቡጊዳ ነበረው፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ፊደሉንም ድምፁንም አብሮ እያዘዋወረ። ሀ ሁ ሂን እንደ ዘፈን የሚያወርድ ልጅ አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ዓይኑን መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ዛሬም የፊደል ገበታ ስገዛ ከጀርባው አቡጊዳ ያለበትን እመርጣለሁ።

ለመምህራን አንድ ቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሸርና ባልደረቦቿ ግድግዳው በሥዕልና በፖስተር በተሞላ ክፍል የተማሩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣ ግድግዳው ባዶ በሆነበት ከተማሩት ይልቅ ሐሳባቸው እንደሚበተንና የተማሩትም እንደሚያንስ አሳይታለች። ገበታው ይኑር፤ ከጥቁር ሰሌዳው ዙሪያ ግን ይራቅ።

ስልክ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያላቸው ተረቶችስ?

ታሪኩን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሊጠቅም ይችላል። ሲነኩት የሚጮህ፣ ጨዋታ የሚከፍት ከሆነ ግን ልጁ ከታሪኩ ይወጣል። ታካክስ፣ ስዋርትና በስ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶችን ሰብስበው የደረሱበት ይህንኑ ነው። ማንበብ ለሚለማመድ ልጅ ግን የሚያነብለትን ድምፅ ዝም ማሰኘትዎን አይርሱ።

ልጄ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት ነው?

ዲስሌክሲያ አብሮ የሚወለድ የማንበብ ችግር ነው፤ ከሥዕል መገመቱ ብቻውን ያንን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ሁሉ ልጅ ዲስሌክሲያ የለበትም፤ አብዛኛው በቂ መጽሐፍና በቂ ልምምድ ያላገኘ ነው። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ከዚያ ለወራት በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ተለማምዶ ፈቀቅ ካላለ፣ በተለይ ቤተሰብ ውስጥ ሌላም ሰው እንዲህ ከነበረ፣ ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። በጽሑፉ ላይ የሚደረግ ባለቀለም ፕላስቲክና ባለቀለም መነጽር ለዲስሌክሲያ እንደሚረዳ የሚያሳምን ማስረጃ የለም፤ ገንዘብዎን ለመጽሐፍ ያውሉት።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ስሰጠው «የሕፃን ነው» ብሎ ያፍራል።

ያፍራል፣ እውነቱን ነው። ከሱ የሚያንሱ ልጆች የሚያነቡትን ይዞ በሰፈር ማለፍ ቀላል አይደለም። መጽሐፉን እንደ ደብተር በጋዜጣ ለብደው ይስጡት፤ ሽፋኑ ካልታየ ግማሹ እፍረት ይቀራል።

በዚህ ክፍል ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥዕል አለ፦ የሳይንስ መጽሐፉ ላይ ያለው የልብ፣ የዓይን፣ የአበባ ሥዕል፣ ቀስት እየተሰመረ ስም የተጻፈበት። የሚታገሉ ልጆች ሥዕሉን አይተው ስሞቹን ይዘሏቸዋል። ስሞቹን በወረቀት ይሸፍኑ፣ አንቀጹን ያንብብ፣ ከዚያ የትኛው ቀስት ላይ ማን እንደሚመጣ እሱ ይንገርዎት። ማንም «የሕፃን ነው» አይልም፤ የፈተና ትምህርት ነውና።

ሥዕል የሌለበት ንባብ ሲፈልጉ ደግሞ መንገድ ውጡ። ባጃጆቻችን ጀርባ ላይ የሚጻፈውን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም፤ አጭር ነው፣ ያስቃል፣ ደግሞም ሳይጨርሱት ይሄዳልና ያፈጥናል። የኔዎቹን ልጆች ስንት ባጃጅ አንብበው እንደመጡ ቆጥረው እንዲነግሩኝ አድርጌያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ሰባት አንብቦ መጣ። ስምንተኛዋ መታጠፊያው ላይ አምልጣው ነበር፤ ከሰባቱ ይልቅ ስለሷ ነው ሲያወራልኝ ያረፈደው።